ቅኝትን በአንድ ገጽ መጻፍ

ስኬል ማለት አንድ ሙዚቃ የሚጠቀምባቸው ድምፆች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደሩ የሚያስገኙት ተርታ ነው። ይህ ፍቺ አጭርና ትክክል በመሆኑ፣ ስለ አንድ ስኬል በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ ገጽ የሚጽፍ ሰው ስሙን ካሰፈረ፣ ኖታዎቹን ከደረደረና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በቁጥር ካስቀመጠ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ገጽ በግማሽ ሰዓት ይጠናቀቃል፣ የስሌት ስሕተትም አይገኝበትም፤ ነገር ግን ያነበበው ሰው ያንኑ ስኬል በማግሥቱ በሠርግ ቤት ቢሰማው አያውቀውም። ስለዚህ የአርትዖት መመሪያ፣ ማለትም ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ሥራ ላይ ሲሳተፉ ጽሑፋቸው እንዲገጣጠም የሚወጣው ደንብ፣ ስኬሎችን በሚመለከተው ክፍሉ ኖታ እንዴት እንደሚጻፍ ከመደንገጉ በፊት ቁጥሩ የማን እንደሆነ፣ በምን እንደተለካና ስሙን ማን እንዳወጣው ጸሐፊውን መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ምዕራፍ ጥያቄዎቹን በኢትዮጵያ ቅኝቶች ላይ ይፈትሻል፤ የስኬል ገጽ ጸሐፊን ከሚገጥሙት ችግሮች በቅኝት ገጽ ላይ የማይገኘው በጣም ጥቂት ነውና።

«ቅኝት» የሚለው ቃል ራሱ ጸሐፊውን አስቀድሞ ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ቃሉ «ቃኘ» ከሚለው ግስ የተገኘ ሲሆን፣ ክራር ይቃኛል፣ በገና ይቃኛል፣ አገርም ይቃኛል፤ በሁሉም ዘንድ ጆሮን ወይም ዓይንን አሹሎ መመርመርን ያመለክታል። ክራር ደርዳሪው በቀንበሩ ላይ ያሉትን መቃኛዎች አንድ በአንድ እያዞረ፣ አንዱን ክር ከሌላው ጋር እያስተያየ፣ የጠበቀውን እያላላ የላላውን እያጠበቀ ቆይቶ በመጨረሻ «ተቃኘ» ብሎ የሚያቆምበት ሁኔታ ቅኝት ይባላል፤ ስኬል የሚባለው ተርታ ደግሞ ከዚያ ሁኔታ ወደ ወረቀት የሚተላለፈው ክፍል ነው። ቅኝትን «የኢትዮጵያ ስኬል» ብሎ መተርጎም ለገጹ መክፈቻ ቢያገለግልም እስከ መጨረሻው ሊያደርስ አይችልም። «የኢትዮጵያ» የሚለው ቅጽልም ቢሆን ሳይመረመር አይታለፍም፤ በተለምዶ አራት ናቸው የሚባሉት ቅኝቶች የመካከለኛውና የሰሜኑ ደጋ የክራር፣ የመሰንቆና የዋሽንት ሙዚቃ፣ ከዚያም የከተማው ዘፈን መሠረት ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ዶርዜዎች ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ እያጠላለፉ የሚዘፍኑት ዘፈን በእነዚህ አራት ስሞች አይገለጽም።

የየቅኝቱ ስምም በተራው ሌላ ነገር ሆኖ የቆየ ስም ነው። ትዝታ በመጀመሪያ የልብ ነገር ነው፤ ቀጥሎም ያለፈን ፍቅርና ያለፈን ዘመን እያነሣ የሚዘፈን፣ ግጥሙ እንደ ዘፋኙ የሚለዋወጥ የታወቀ ዘፈን ነው፤ ቅኝት የሚሆነው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ የወሎ ከተማ ናት፤ አምባሰልም እዚያው ወሎ ውስጥ ያለ ተራራና አካባቢ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ጥሪ ነው፣ ዘፈንም ነው። ከዚህ የተነሣ «ትዝታ የናፍቆት ዘፈን ሲሆን አምስት ኖታዎች አሉት» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም የማይከፋ መስሎ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል፤ ትዝታ የተባለው ዘፈን በሁለት ዓይነት የኖታ ስብስብ ሊዘፈን እንደሚችልና ሌሎች ብዙ ዘፈኖችም በትዝታ ቅኝት እንደሚዘፈኑ አንባቢው ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሊያውቅ አይችልም። መመሪያው የገጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስለ የትኛው ትዝታ እንደሚናገር በግልጽ እንዲለይ፣ ለዘፈኑና ለቦታውም ሌላ ገጽ እንዲከፈት ማዘዝ አለበት። የአጻጻፉ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም አይናቅም፦ በአማርኛ «አንቺ ሆዬ» ተለያይቶም «አንቺሆዬ» ተጋጥሞም ይጻፋል፣ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ቅኝት የሚለውን ቃል አንዱ በኬ ሌላው በኪው ስለሚጀምረው፣ ገጹ አንዱን መርጦ ሌሎቹን በፍለጋ እንዲገኙ አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።

ወደ ኖታዎቹ ሲመጣ፣ የዛሬ መማሪያዎች ባለ አሥራ ሁለት ድምፁን የፒያኖ ሥርዓት ይከተላሉ። በዚህ ሥርዓት ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ከፍተኛ ዶ ያለው ርቀት፣ ለአሥራ ሁለት እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል ግማሽ ድምፅ ይባላል። ዶ መነሻ ሲሆን ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ትዝታ ማይነር ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለውለት ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን፣ ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብለው ይጻፋሉ። ከስድስቱ መካከል ከመነሻው በላይ ሶል የሌለው አንቺ ሆዬ ብቻ መሆኑን እግረ መንገድ ማስተዋል ጠቃሚ ነው፤ ለአዲስ ጆሮ ማረፊያው የማይጨበጥ የሚመስለው አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዶ በዚህ ሁሉ ውስጥ የአጻጻፍ ማመቻቻ እንጂ የተወሰነ ድምፅ አይደለም፤ አዝማሪው መነሻውን ከራሱ ድምፅ ልክ ስለሚወስድ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ያልገለጸ ገጽ ትዝታ ሁልጊዜ ከፒያኖው ዶ የሚነሣ አስመስሎ ይቀርና፣ አንባቢው ከሬ የተነሣ ትዝታ ሲሰማ ሌላ ቅኝት ያገኘ ይመስለዋል።

በኖታ ዝርዝር ብቻ የሚረካ ጸሐፊ የሚያመልጠው ዋና ነገር ከእነዚሁ ቁጥሮች ውስጥ ሊወጣ ይችላል። የትዝታ ማይነር አምስት ኖታዎች ሳይነኩ ቆጠራው ከዶ ወደ ሶል ቢዛወር፣ ተርታው ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው፤ ይህ ያለ አንዳች ልዩነት አምባሰል ነው። የትዝታ ሜጀር ኖታዎች ከላ ሲጀመሩም ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይሆኑና ርቀታቸው 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2 ሆኖ ባቲ ማይነርን ያስገኛሉ። ከዚህም የሚገርመው፣ የትዝታ ማይነር ርቀቶች ከኋላ ወደ ፊት ሲነበቡ 4፣ 1፣ 4፣ 1፣ 2 ይሆናሉ፤ እነዚህም መነሻቸው ሲዛወር የባቲ ሜጀር ርቀቶች ሆነው ይገኛሉ። ከመዛወሩም ከመገልበጡም ውጭ ብቻውን የሚቀረው አንቺ ሆዬ ነው። እንግዲህ ክሩን ለትዝታ ማይነር የቃኘ ደርዳሪ አንድም መቃኛ ሳይነካ ዜማውን ሶል ላይ ማሳረፍ ሲጀምር አምባሰል ውስጥ ሊገባ የሚችል ከሆነ፣ አንዱን ቅኝት ከሌላው የሚለየው የኖታው ዝርዝር ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ዜማው የሚያርፍበት፣ ደጋግሞ የሚመለስበትና የሚሸሸው ድምፅም የቅኝቱ አካል ነው። መመሪያው ስለዚህ «ማረፊያ» የሚል ግዴታ ያለበት ክፍል ሊኖረው ይገባል፤ ይህን መሙላት የማይችል ጸሐፊ ስለ ቅኝቱ ገና አልሰማም ማለት ነውና ቢቆይ ይሻላል።

ይህ የቅኝት ብቻ ጠባይ አይደለም። በሰሜን ሕንድ ሙዚቃ ቡፓሊና ዴሽካር የተባሉ ሁለት ራጋዎች አሉ፤ ራጋ ማለት ከነአካሄዱ፣ ከነጌጡና ከነማረፊያው የተወሰነ የዜማ ሥርዓት ነው። ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት አምስት ኖታዎች ሲሆን፣ እነዚያም በፒያኖ ሥርዓት ሲጻፉ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው፤ ሆኖም ቡፓሊ ሦስተኛውን ኖታ ሲያከብር ዴሽካር በሚ ቦታ ላን ስለሚያነግሥ፣ የሠለጠነ ሕንዳዊ አድማጭ አንዱን ከሌላው ጋር አያምታታም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ሊቅ ሃሮልድ ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመው የግሮቭ ታላቅ የሙዚቃ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ በጻፈው ረጅም ጽሑፍ፣ «ሞድ» የሚባለውን ነገር ከስኬል ከፍ፣ ከዜማ ዝቅ ብሎ በሁለቱ መካከል እንደሚገኝ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ማለትም ከባዶ ዝርዝር ይበልጥ የተወሰነ፣ ከአንድ ዘፈን ግን ያነሰ የተወሰነ ነው። ቅኝት በዚህ መሥመር ላይ የት ላይ እንደሚቆም ሊቃውንት ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ጫፉ ላይ፣ ከባዶው ዝርዝር ጋር ማስቀመጥ ግን አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች የሙዚቃ ስኬሎች ባሳተመው ጥናት ኦክታቭን ለ1,200 ክፍሎች በመክፈል «ሴንት» የተባለውን መለኪያ ይዞ ቀረበ፤ አንድ የፒያኖ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ይሆናል። በዚህ መለኪያ የብዙ አገር መሣሪያዎችን ከመረመረ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ ለዘመኑ አውሮፓውያን መራራ ነበር፦ ተፈጥሮ ያዘዘችው አንድ ስኬል የለም፣ ስኬሎች ብዙ ዓይነት፣ ሰው ሠራሽና እንደየሠሪው ፈቃድ የሚለያዩ ናቸው። ሴንት ከዚያ ወዲህ የስኬል ገጾች ሁሉ የጋራ ቋንቋ ሆኖ አገልግሏል፤ በዚያው ልክ ደግሞ የብዙ ስሕተት መሸሸጊያ ሆኗል። አንድ ጸሐፊ ትዝታ ሜጀርን 0፣ 200፣ 400፣ 700፣ 900 ብሎ ሲጽፍ ቁጥሩ የተለካ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የፒያኖውን ኖታ በመቶ አባዝቶ ከመጻፍ በቀር ማንም ምንም አልለካም። ደርዳሪው ክሮቹን ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ላ እያለ በተጣራ አምስተኛ ርቀት ብቻ እየተጓዘ ቢቃኝ፣ ተርታው 0፣ 204፣ 408፣ 702፣ 906 ይሆን ነበር፤ ሚን ከዶ ጋር ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ እስኪስማማ ድረስ ቢያስተካክል ደግሞ ሦስተኛው ኖታ 386 ላይ ይውል ነበር። በ386ና በ408 መካከል ያለውን ልዩነት የለመደ ጆሮ በቀላሉ ይሰማዋል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የቁጥሩ ምንጭ ሊጻፍ ይገባል፦ ከስሌት ነው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ነው፣ ወይስ ከአንድ መሣሪያ ተለክቶ ነው? ከመሣሪያ ከሆነስ ከየትኛው፣ በማን እጅ የተቃኘ፣ መቼ የተቀረጸ? በዚህ ረገድ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት የቅኝትን ባሕርይ ለመመርመር መሰንቆን መምረጧ የሚያስተምረው ነገር አለ። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ያለው፣ በአንገቱ ላይ ጣት የሚገታበት መሥመር የሌለበት መሣሪያ በመሆኑ፣ መሰንቆ መቺው እያንዳንዱን ድምፅ በጣቱ ይፈልገዋል፣ ወደ እርሱ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ከላይ ወይም ከታች እየዳሰሰው ያልፋል፤ እዚያ ላይ ኖታ የሚባለው ነጥብ ሳይሆን ጠባብ ስፍራ ነው። የበግ ጅማት የተወጠረለት ክራር ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ቅኝቱ ይለወጣል። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ 701.955 ሴንት ብሎ የሚጽፍ ገጽ ትክክለኛነትን ከትምክህት ጋር አምታቷል፤ መመሪያው ከነጥብ በኋላ የሚመጡ አኃዞችን ለንጹሕ ስሌት ብቻ ቢፈቅድ፣ ለተለካ ድምፅ ግን ከዚህ እስከዚህ የሚል ወሰን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ልኩን በአዋጅ ለመወሰን የተሞከረባቸው ጊዜያትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 በካይሮ በተካሄደው የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ፣ ቤላ ባርቶክን የመሰሉ የአውሮፓ ሙዚቀኞች በተገኙበት፣ ኦክታቭን ለሃያ አራት እኩል ክፍሎች የመክፈል ሐሳብ ቀርቦ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ ራስት በተባለው የዐረብ መቃም፣ ማለትም የዜማ ሥርዓት፣ ውስጥ ያለው ሦስተኛ ኖታ እንደየከተማውና እንደየተጫዋቹ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚል፣ በእኩል ሩብ ድምፆች መረብ ውስጥ አልገባ ብሎ ነበር። በጃቫ ደሴት ደግሞ ጋሜላን የተባለው የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ እያንዳንዱ ለብቻው የተቃኘ ስለሆነ፣ የአንዱ ጋሜላን ደወል ለሌላው አይሆንም፤ ስሌንድሮ የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል በአንድ ሰንጠረዥ ሊጻፍ የሚችለው የየትኛው ጋሜላን እንደሆነ ሲነገር ብቻ ነው።

ከልኩ የባሰ ግን ስሙ ነው፤ ቁጥር ቢሳሳት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያርመዋል፣ ስም ቢሳሳት ግን ትውልድ ይወርሰዋል። የአውሮፓ ሊቃውንት የጥንት ግሪኮችን የሞድ ስሞች በመካከለኛው ዘመን ለቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያውሉ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ስላስቀመጧቸው፣ ለግሪኮች ከሚ እስከ ሚ የነበረው ዶሪያን ከሬ እስከ ሬ ያለው ሆነ፤ ሄንሪከስ ግላሪያኑስ እ.ኤ.አ. በ1547 ባሳተመው መጽሐፉ የሞዶቹን ቁጥር ወደ አሥራ ሁለት ሲያሳድግም ስሞቹ እንዲያው ቀጠሉ። ዛሬ ዶሪያን ሲባል የማይታወቀው ግሪካዊው ነው። ስሕተቱን አሁን ለመመለስ የሚሞክር መዝገበ ዕውቀት አንባቢውን ግራ ከማጋባት በቀር የሚያተርፈው ስለሌለ፣ የሚበጀው በልማድ የጸናውን ስም ተቀብሎ ታሪኩን መናገር ነው።

በኢትዮጵያም ላይ የደረሰ የዚህ ዓይነት ስሕተት አለ፤ ይህኛው ግን ገና ስላልጸና ሊታረም ይችላል። ለጊታር ተማሪዎች በተዘጋጁና ከእጅ ወደ እጅ በሚገለበጡ የስኬል ዝርዝሮች ውስጥ «ኢትዮጵያዊ፣ ግዕዝና ዕዝል» ተብሎ የተመዘገበ ስኬል አለ፤ ኖታዎቹ ሲታዩ ግን ማንም የሙዚቃ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚያውቀው ተራ ማይነር ስኬል ነው። አጠገቡ «ኢትዮጵያዊ፣ አ ራራይ» የሚል ሌላ ስኬል ይገኛል፤ ይህም አራራይ የሚለው አንድ ቃል ለሁለት ተቆርጦ፣ ከተራ ሜጀር ስኬል ጋር የተለጠፈ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበረ በሚታመነው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠሩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሦስት የዜማ ዓይነቶች ናቸው፤ ምልክታቸው በድጓው ቃላት ላይ እየተጻፈ፣ በመሪጌታ ፊት ለዓመታት እየተጠና የሚወረስ፣ እንደ በዓሉና እንደ ጾሙ የሚለዋወጥ ሥርዓት እንጂ በሰባት ኖታ የሚያልቅ ተርታ አይደሉም። ከክራር ቅኝቶችም ጋር አንድ አይደሉም። ይህ ሁሉ በአንድ መሥመር ተጨፍልቆ ከዚያ በኋላ በመገልበጥ ብቻ ኖሯል። መመሪያው ከዚህ የሚወስደው ደንብ አንድ ነው፦ አንድ ስም በዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ሰዎች እንዲህ ብለው እንደሚጠሩት ማስረጃ አይሆንም፤ በዚያ ስም የሚዘምር፣ የሚደረድር ወይም የሚያስተምር ሰው መጠቀስ አለበት።

«ሜጀር» እና «ማይነር» የሚሉት ቅጥያዎችም ታሪክ ያላቸው ናቸው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናዊ ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ በኋላም ፒያኖው፣ አኮርዲዮኑና ጊታሩ ሲስፋፉ፣ ቅኝት ቋሚ ድምፅ ባላቸው መሣሪያዎች ላይ መውጣት ነበረበት፤ የባለ አሥራ ሁለት ድምፁ ቋንቋና ስያሜም አብሮ ገባ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደና ከእርሳቸው በኋላ ስለ ቅኝት አወቃቀር የጻፉት ዕዝራ አባተ የመሳሰሉት ምሁራን ጉዳዩን በኖታ ሲያስረዱ ይህንኑ ቋንቋ ተጠቅመዋል፤ ያለ እርሱም ዛሬ ስለ ቅኝት በጽሑፍ መነጋገር አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ቅጥያዎቹን ከገጹ ማውጣት ከንቱ ንጽሕና ይሆናል። የሚያስፈልገው፣ ትዝታ ማይነር የሚለው ስያሜ ከአዝማሪ ቤት ሳይሆን ከኖታ ክፍል የመጣ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ነው።

ይኸው የአውሮፓ ቋንቋ የስሜት ፍርድም ይዞ መጥቷል፤ ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ኀዘን ነው የሚለው ልማድ። ትዝታ ሜጀር ይህን ልማድ ብቻውን ያፈርሰዋል፤ ሦስተኛ ኖታው የሜጀር ሆኖ ሳለ በአገሩ ሰው ዘንድ የሚቀሰቅሰው ናፍቆትንና ያለፈን ጊዜ ነው። ናፍቆቱ የመጣው ከቃሉ፣ ከግጥሙ፣ ከዘፋኙ ጉሮሮና ዘፈኑ ከሚሰማበት ሰዓት እንጂ ከ400 ሴንት አይደለም። «ይህ ስኬል አሳዛኝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከገጹ ወጥቶ፣ እነማን በምን አጋጣሚ እንደሚዘፍኑት የሚናገር ዓረፍተ ነገር ቢተካ አንባቢው ኀዘኑን ራሱ ያገኘዋል።

ስለ ተመሳሳይነትም ብዙ ሰው ይሳሳታል። አምባሰል በፒያኖ ኖታ ሲጻፍ ሚያኮቡሺ ከተባለው የጃፓን ስኬል ጋር አንድ ይሆናል፤ ትዝታ ማይነርም ሂራጆሺ በሚል ስም በምዕራባውያን የሙዚቃ መጻሕፍት ከሚጠቀሰው ተርታ ጋር ይገጥማል። ከዚህ ተነሥቶ በሁለቱ አገሮች መካከል የጥንት ግንኙነት እንደነበረ ለመናገር የሚቸኩል ጸሐፊ አይጠፋም። አስቀድሞ ግን ሒሳቡን ማየት ይበጃል፦ ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች መነሻውን ጨምሮ አምስት ብቻ መምረጥ የሚቻለው በ330 መንገድ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ለመዝፈን የሚመቹት፣ ሶልን ወይም ፋን የያዙትና ድምፆቻቸው በአንድ ጥግ ያልታጨቁት፣ ከዚያ ያነሱ ናቸው። በዚህ ጠባብ ሜዳ ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ቢገናኙ ብርቅ አይደለም። ገጹ መመሳሰሉን ይመዝግብ፤ ዝምድናን ግን ሰነድ ሲገኝ ብቻ ይጻፍ።

ሒሳቡ ሌላ ጥያቄም ይዞ ይመጣል፤ እሱም የትኛው ስኬል ገጽ ይገባዋል የሚለው ነው። የኖታው ብዛት ካልተወሰነ፣ መነሻውን የያዙ የአሥራ ሁለቱ ድምፆች ስብስቦች 2,048 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ገጽ መክፈት ለኮምፒዩተር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ቡሶኒ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ 113 ስኬሎች ማግኘቱን ገልጿል፤ ኒኮላስ ስሎኒምስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 በስሌት የተገኙ ስኬሎችን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሙሉ ደርድሯል፤ መጽሐፉም የጃዝ ተጫዋቾች የልምምድ ጓደኛ እስከመሆን ደርሷል። እንግዲህ በስሌት መወለድ ብቻውን ነውር አይደለም። በደቡብ ሕንድ ቬንካታማኪን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በስሌት ያወጣቸው ሜላ የተባሉ 72 የስኬል ሥርዓቶች፣ በጊዜው ብዙዎቹ ማንም ያልዘፈናቸው ሲሆኑ፣ በኋላ ዘመን የዜማ ደራሲዎች ገብተውባቸው ሕይወት ዘሩባቸው። ስለዚህ መለኪያው መነሻው ሳይሆን ኑሮው ነው፦ ስም አለው፣ በዚያ ስም የሚጫወት ሰው አለ፣ የተቀረጸ ወይም የተጻፈ ሥራ አለ ከተባለ ገጽ ይገባዋል፤ ከሌለ በአንድ የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ መሥመር ይበቃዋል። በዚህ መለኪያ አንቺ ሆዬ ረጅም ገጽ ሲያገኝ፣ ከእርሱ በአንድ ኖታ የሚለዩ ብዙ ተርታዎች ያለ ስም ይቀራሉ።

በመጨረሻም በገጹ ላይ ስለሚቀመጠው ድምፅ፣ ማለትም አንባቢው ተጭኖ ስለሚያዳምጠው ቅጂ፣ መመሪያው ጥብቅ መሆን አለበት። የተለመደው ኮምፒዩተር አምስቱን ኖታዎች አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች እንዲመታ ማድረግ ነው፤ ይህ ስለማይሳሳት የሚመረጥ ቢሆንም ማንም ክራር ደርዳሪ ቅኝትን እንደዚያ አያስተዋውቅም። ደርዳሪው ክሩን አስተካክሎ እንደጨረሰ፣ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት፣ ማረፊያውን ደጋግሞ እየነካ፣ ወደ ላይኛው ድምፅ ወጣ ብሎ እየተመለሰ ጥቂት ጊዜ ይንደረደራል፤ አድማጩም ገና ቃል ሳይሰማ «ይሄ ባቲ ነው» የሚለው እዚያ ላይ ነው። ሊቀረጽ የሚገባው ይህ መንደርደሪያ ነው። ከቅጂው ሥርም የመሣሪያው ዓይነት፣ ክሩ ጅማት ወይስ ናይለን መሆኑ፣ የተጫዋቹ ስም በፈቃዱ፣ የተቀረጸበት ቦታና ቀን፣ የመነሻው ድምፅ ከፒያኖ የትኛው ኖታ ጋር እንደሚቀራረብ፣ እንዲሁም ተጫዋቹ ራሱ ቅኝቱን በምን ስም እንደጠራው ይጻፋል፤ የጠራበት ስም ከገጹ አርእስት የተለየ ከሆነም የእርሱ ስም እንዳለ ይቀመጣል።